ለወላጆቻችን የምንገዛው መነጽር፦ ከሌንሱ በፊት ፍሬሙ

አርባ ዓመት የተሻገረ ሰው ሙስሐፉን ከፍቶ ሲቀመጥ የሚያደርገውን ልብ ብለን እናስተውል። መጀመሪያ ክንዱን ዘርጋ ያደርጋል፤ ቀጥሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል፤ ከዚያም አንገቱን ወደ ኋላ መልሶ ዓይኑን ያጠባል። ክንዱ አልበቃ ያለው ዕለት ሙስሐፉን ይዘጋና በሒፍዝ የያዛቸውን አጫጭር ሱራዎች ብቻ መቅራት ይጀምራል። ቤተሰቡ «አባባ ደክሞታል» ይላል እንጂ ፊደሉ እንደጠፋበት የሚጠረጥር ጥቂት ነው። እርሱም ቢሆን አይናገርም። ኡስታዙም ከሉሕ ወደ ተማሪው፣ ከተማሪው ወደ ሉሕ ዓይኑን ሲያመላልስ መጨነቁን፣ እናትም ሩዝ ስትለቅም ድንጋዩ እያመለጣት መሆኑን እንዲሁ ችለውት ይኖራሉ።

በዚህን ጊዜ ልጆች ተመካክረው ገንዘብ ያዋጡና «ለሩቅም ለቅርብም የሚሆን» የተባለውን ፕሮግረሲቭ መነጽር ያሠራሉ። ዋጋው ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መነጽሩ በሣጥኑ ውስጥ ተኝቶ፣ አባትም እንደ ድሮው ክንዳቸውን ዘርግተው የሚገኙበት ቤት ብዙ ነው። «ራሴን አዞረኝ»፣ «ደረጃው ተንሳፈፈብኝ» ይላሉ። ልጆችም ሐኪሙን ወይም ሌንሱን ያማርራሉ። በእኛ ግምት ግን ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ማንም ያላማው ነገር ነው፤ ፍሬሙ።

ዓይናችን ምን ይሆናል?

ከዓይን ብሌን በስተጀርባ አላህ የፈጠረው አንድ ሌንስ አለ። በወጣትነት ዘመን ለስላሳና ተለጣጭ ስለሆነ ሩቅ ስናይ ይሳሳል፤ ቅርብ ስናይ ይወፍራል። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ግን እየጠነከረ ይመጣና እንደ ልቡ መወፈር ይሳነዋል። ይህ በሽታ አይደለም። ብዙውን ጊዜ በ40ዎቹ ዕድሜ ራሱን የሚገልጽ፣ ማንንም የማይምር የተፈጥሮ ለውጥ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሩቅ ማየት የሚያስቸግረው ሰው መነጽሩን አውልቆ ማንበብ ይቀናው ይሆናል እንጂ እርሱም ከለውጡ አያመልጥም። ለንባብ የሚጨመረው የመነጽር ኃይል ፕላስ 1 አካባቢ ይጀምርና ከዓመታት በኋላ ፕላስ 2.50 ወይም 3 ገደማ ሲደርስ ይቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በዕድሜ የመጣ የዓይን ድካም ሁሉ በመነጽር የሚፈታ አይደለም። ግላኮማ ሕመም ሳይሰማ ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ በሽታ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰውም የዓይኑ የጀርባ ክፍል በየጊዜው መታየት አለበት። ስለዚህ ወላጅን ወደ መነጽር ሱቅ ከመውሰድ አስቀድሞ ወደ ዓይን ሐኪም መውሰድ ይገባል። የሐኪሙም ሆነ የኦፕቶሜትሪስቱ ወረቀት በእጅ ሳይኖር ስለ ፍሬም ማውራት ከንቱ ነው።

አንድ ሌንስ፣ ሦስት ስፍራ

ሰው የማየትን ምሥጢር ሲመረምር የኖረው ከጥንት ጀምሮ ነው። በበስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብኑል ሐይሠም በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ «ኪታቡል መናዚር» በተባለው ሥራው፣ የምናየው ብርሃን ከነገሮች ወደ ዓይናችን ሲመጣ እንጂ ከዓይናችን ወጥቶ ሲሄድ አለመሆኑን አስረድቷል። አንዳንድ ሰዎች እንደሚሉት መነጽርን የሠራው እርሱ አይደለም። መጽሐፉ ግን በላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ብዙ ተማሪዎችን አፍርቷል፤ የንባብ መነጽርም በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጣሊያን አገር ተሠራ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1785 በጻፈው ደብዳቤ ሁለት ዓይነት ሌንሶችን አስቆርጦ በአንድ ፍሬም፣ ከላይ ለሩቅ ከታች ለቅርብ አድርጎ እንደሚጠቀም ገልጿል። ባይፎካል የምንለው፣ መሐሉ ላይ መስመር የሚታይበት መነጽር የዚህ ዘር ነው። መስመር የሌለው ፕሮግረሲቭ ደግሞ በፈረንሳዊው መሐንዲስ በርናር ሜትናዝ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ቫሪሉክስ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ።

የፕሮግረሲቭ ሌንስ አሠራር እንዲህ ነው። የላይኛው ክፍል ለሩቅ ነው። ከብሌኑ ትይዩ ጀምሮ ወደ ታች ሲወረድ ኃይሉ ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሄዳል፤ መሐሉ ላይ ክንድ ያህል የራቀ ነገር ይታያል፤ ከታች ደግሞ የንባብ ስፍራው አለ። ከላይ እስከ ታች የሚያወርደው ጥርት ያለ መንገድ ጠባብ ነው፤ ስፋቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። ከዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ምስል የሚጣመምበት ደብዛዛ ስፍራ አለ። በጭቃ መሐል የተረገጠች ቀጭን የእግር መንገድ ማለት ናት። ጭቃው የፋብሪካ ጉድለት አይደለም። ኃይሉ ያለ መስመር እየጨመረ እንዲሄድ ሲደረግ የግድ የሚመጣ ነው። ውድ ሌንስ ይቀንሰዋል፣ ወይም ወደማይረብሽ ቦታ ይገፋዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተራ የንባብ መነጽር ሁለት ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት ብዙ አይጎዳም፤ ሌንሱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነውና። ፕሮግረሲቭ ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢዛነፍ ዓይን ከመንገዱ ወጥቶ ጭቃው ውስጥ ይገባል። አፍንጫ ላይ ወደ ታች ቢወርድ የንባቡ ስፍራም አብሮ ይወርድና ሰውየው ለማንበብ አገጩን ወደ ላይ ማንሳት ይጀምራል። ከልክ በላይ ከፍ ቢል ደግሞ ሩቁ ይደበዝዝበትና አንገቱን አቀርቅሮ ይሄዳል። ሌንሱን በትክክለኛው ስፍራ ይዞ የሚያቆየው ፍሬሙ ብቻ ነው። «ዋናው ሌንሱ ነው፣ ፍሬሙ ያገኘነው ይሁን» የሚለው አባባል ለሌላው መነጽር ይሠራ ይሆናል፤ ለዚህኛው ግን አይሠራም።

በፍሬሙ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር

አብዛኛውን ፍሬም ገልበጥ አድርገው ቢያዩት በጆሮ ላይ በሚያርፈው ዘንግ የውስጥ ገጽ 52፣ ቀጥሎ ትንሽ አራት ማዕዘን፣ ከዚያ 18 እና 140 የሚሉ ዓይነት ቁጥሮች ተጽፈው ያገኛሉ። የመጀመሪያው የአንዱ ሌንስ የጎን ስፋት ነው። ሁለተኛው በሁለቱ ሌንሶች መሐል አፍንጫ ላይ የሚውለው ርቀት ነው። ሦስተኛው የዘንጉ ርዝመት ነው። ሁሉም በሚሊ ሜትር ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሲደምሩ የሚመጣው ቁጥር ከአንዱ ሌንስ መሐል እስከ ሌላው ሌንስ መሐል ያለው ርቀት ነው፤ በምሳሌያችን 70። አሁን የአባትዎ የሁለቱ ብሌኖች ርቀት 62 ነው እንበል። ልዩነቱ 8 ስለሆነ እያንዳንዱ ዓይን ከሌንሱ መሐል 4 ሚሊ ሜትር ወደ አፍንጫ ገብቶ ይቀመጣል ማለት ነው። ይህ በባለሙያ ሊስተካከል የሚችል ቢሆንም ልዩነቱ እየሰፋ በሄደ ቁጥር ከጆሮ በኩል የማይጠቅም ሌንስ ይተርፋል፤ ደብዛዛው ስፍራም ይበዛል፤ መነጽሩም ይከብዳል። ጉንጭን የሚሸፍን ሰፊ ፍሬም ለወጣት ፊት ያምር ይሆናል። ለፕሮግረሲቭ ግን ዓይን በሌንሱ መሐል ገደማ የሚውልበት መጠነኛ ፍሬም ይሻላል።

ቁመቱም ሊታይ ይገባል። ከብሌኑ መሐል እስከ ሌንሱ የታችኛው ጠርዝ ድረስ ያለው ቁመት እንደ ሌንሱ ዓይነት ይለያያል። አጭር ተብለው ለተሠሩት ሌንሶች 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊበቃ ይችላል፤ ለተለመዱት ግን 18 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ይመረጣል። ከብሌኑ በላይም ለሩቅ እይታ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ያህል መኖር አለበት። ስለዚህ ቀጭን፣ ጠባብ ሞላላ ፍሬም የሚወድ ሰው የንባብ ስፍራው በሌንስ መቁረጫ ተቆርጦ መውደቁን ይወቅ። ገንዘቡን ከፍሎበት መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው። ከታች ወደ አፍንጫ በኩል ሸሸት ብሎ የሚቆረጠው የአብራሪዎች ዓይነት ቅርጽም እንዲሁ ያስቸግራል፤ ስናነብ ሁለቱ ዓይኖቻችን ወደ ውስጥ ስለሚጠጉ የንባቡ ስፍራ የሚገኘው በዚያው በተቆረጠው ማዕዘን ነውና።

አፍንጫና ጆሮ

በዓለም ገበያ የሚሸጡ ብዙ ፍሬሞች የተሠሩት ቀጭንና ከፍ ያለ የአፍንጫ ድልድይ ላለው ፊት ነው። የአላህ ፍጥረት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ዓይነት ቁጥር ያለው ፍሬም በአንዱ አፍንጫ ላይ ቁጭ ሲል በሌላው ይንሸራተታል፣ ወይም ጉንጩ ላይ ያርፋል። ስቀው ይሞክሩት፤ በሚስቁበት ጊዜ ጉንጭዎ ፍሬሙን ወደ ላይ የሚያነሳው ከሆነ ይተዉት።

አፍንጫ ላይ የሚያርፉ ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ያሉት የብረት ፍሬም ትልቅ ጥቅሙ እነዚህን ፕላስቲኮች በማጥበብ፣ በማስፋትና ከፍ ዝቅ በማድረግ ሌንሱን በተፈለገው ቦታ ማዋል መቻሉ ነው። የፕላስቲክ ፍሬም ዘንጉ ሞቅ ተደርጎ ይታጠፋል፤ የአፍንጫው ቅርጽ ግን ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። ስለዚህ የፕላስቲኩ አፍንጫ ሳይነካካ ገጥሞ ካልተገኘ የብረቱን ቢመርጡ እንመክራለን። ቆዳውን ብረት የሚያሳክከው ሰው ቲታኒየም ያለውን ይጠይቅ፤ ቀላልም ነው። ጠርዝ የሌለው፣ በብሎን ብቻ የተያያዘው ዓይነት ያምራል፤ ነገር ግን ብሎኑ በላላ ቁጥር ሌንሱ ስለሚንቀሳቀስ ለፕሮግረሲቭ አንወደውም።

ዘንጉ ከፊት እስከ ጆሮ አናት ድረስ ቀጥ ብሎ ሄዶ ልክ እዚያ ላይ መታጠፍ አለበት። ቀድሞ ከታጠፈ ጆሮን ያሳምማል፤ ዘግይቶ ከታጠፈ መነጽሩ ይንሸራተታል። ጎንበስ ብለው ራስዎን ቢያወዛውዙት ከቦታው መንቀሳቀስ የለበትም። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር ላብ ስለሚያንሸራትት ይህ ፈተና በተለይ ይጠቅማል።

ሌንሱ ወደ ዓይን በቀረበ መጠን፣ ቅንድብ ሳይነካ፣ ማየቱ ይሰፋል። በበር ቀዳዳ ግቢ የሚያይ ልጅ ዓይኑን የሚያስጠጋው ለዚህ ነው። ባለሙያዎች ከ12 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀት ይፈልጋሉ። የፍሬሙ የታችኛው ጠርዝም ወደ ጉንጭ ጥቂት ዘንበል ማለት አለበት፤ ያን ጊዜ ወደ መጽሐፍ ስናይ ሌንሱ ከዓይን ጋር ፊት ለፊት ይሆናል።

ሒጃብ፣ ውዱእና ሰላት

በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች የማያነሱት፣ እኛን ግን በየቀኑ የሚገጥመን ጉዳይ አለ። እናታችን መነጽር ስትለካ ሒጃቧን እንዴት አድርጋ ነው? ዘንጉ ከሻሹ በላይ ሲውል ጨርቁ ፍሬሙን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ከጨርቁ ሥር ሲውል ደግሞ ሻሹ ጠበቅ ባለ ቁጥር ጆሮን ይጫናል፣ ፍሬሙንም ወደ ፊት ይገፋል። ሁለቱም የሌንሱን ስፍራ ይለውጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዘወትር እንደምትለብሰው ሆና ትለካ። ሱቅ ውስጥ ሻሿን ፈታ አድርጋ ለክታ ቤቷ ስትገባ አጥብቃ የምትለብስ ከሆነ ልኩ የሌላ ሴት ሆነ ማለት ነው። ቀጠን ያለና ቀጥ ያለ ዘንግ ከጨርቅ ሥር በቀላሉ ይገባል። ጥምጥም ወይም ጠበቅ ያለ ኮፍያ የሚያደርጉ አባቶችም እንዲሁ ያድርጉ።

ለአምስቱ ሰላት አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው በዓመት 1,825 ጊዜ መነጽሩን ያወልቃል፤ ያንኑ ያህል ጊዜም መልሶ ያጠልቃል። በአንድ እጅ እየጎተቱ ማውለቅ ዘንጉን ወደ አንድ ጎን ያጣምመዋል፤ መነጽሩም ይዛነፋል። በሁለት እጅ ማውለቅን መልመድ ያስፈልጋል። ፍሬም ሲመረጥም ማጠፊያው ጠንካራ መሆኑ ይታይ።

ሱጁድ ላይ ግንባርም አፍንጫም መሬት መንካት አለባቸው። ፍሬሙ ይህን የሚከለክል ከሆነ ለሰላት መውለቅ ይኖርበታል። ትንሽና ፊት ላይ ተጠግቶ የተቀመጠ ፍሬም ብዙውን ጊዜ አይከለክልም። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከመሞከር በተጨማሪ አቀርቅሮ ማየት ይበጃል፤ በዚህ የሚያፍር ሰው አይኑር። ቆሞ የሚሰግድ ሰው ዓይኑን ወደ ሱጁዱ ስፍራ ሲያወርድ በንባቡ ክፍል ስለሚያይ ምንጣፉ ሊደበዝዝበት ይችላል። አንገቱን ጥቂት ዝቅ ካደረገ ይጠራለታል። የወለቀው መነጽር ግን መስገጃው አጠገብ ተዘርግቶ አይቀመጥ። ጠንካራ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ኪስ ይግባ፤ በጁሙዓ ሰው ሲበተን የሚረገጠው ብዙ ነው።

ልኬቱ በማን ፊት ላይ ነው?

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ፍሬሙ ይመረጣል፤ በባለቤቱ ፊት ላይ አፍንጫውም ዘንጉም ይስተካከላል፤ ከዚያ ባለሙያው ከደንበኛው ጋር ዓይን ለዓይን ትይዩ ተቀምጦ፣ በፍሬሙ ውስጥ ባለው ማሳያ ፕላስቲክ ላይ የእያንዳንዱን ብሌን መሐል በቀጭን ብዕር ምልክት ያደርጋል። የሁለቱ ዓይኖች ከአፍንጫ መሐል ያላቸው ርቀት ብዙ ጊዜ እኩል ስላልሆነ ቀኙም ግራውም ለየብቻ ይለካል። ከተለካ በኋላ ፍሬሙን ማስተካከል ልኩን ያፈርሰዋል። ከፍታው ሳይለካ «ሌንሱ ሲመጣ እናስተካክለዋለን» የሚል ሱቅ ካጋጠመዎ አመስግነው ይውጡ።

ከጅዳ፣ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ልጆች አሠርተው የሚልኩትን መነጽር ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ልጅ ለአባቱ አስቦ፣ ሌሊት ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ፣ የሐኪሙን ወረቀት በስልክ አስልኮ ውድ መነጽር ያሠራል። ወረቀቱ ላይ ግን የሌንሱ ኃይል እንጂ የብሌኑ ከፍታ አይጻፍም፤ ከፍታው የሚገኘው ከተመረጠው ፍሬምና ከባለቤቱ ፊት ነውና። እንዲህ ከሚሆን ፍሬሙን ብቻ፣ ማሳያ ፕላስቲኩ ሳይወጣ፣ ይላክና ሌንሱ እዚሁ አባት ባሉበት ከተማ ይሠራ። አለበለዚያ ገንዘቡን ልኮ ወንድሙ ወይም እኅቱ አባታቸውን ይዘው እንዲሄዱ ማድረግ ይሻላል። በአገራችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪስቶችን ያስተምራል፤ በሙያው የሠለጠነ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

መነጽሩ ሲደርስ የሚደረግ አንድ ፈተና አለ። አዲስ ፕሮግረሲቭ ሌንስ ከፋብሪካ ሲመጣ በቀለም የተሣለ የመስቀለኛ ምልክት አለበት። ሱቁ ይህን ቀለም ከማጥፋቱ በፊት መነጽሩን ለባለቤቱ እንዲያደርግለት ይጠይቁ። ቀጥ ብሎ ሲያይ ምልክቱ በሁለቱም ዓይን ልክ ብሌኑ መሐል መዋል አለበት። ቀለሙ ቢጠፋም በእያንዳንዱ ሌንስ ላይ 34 ሚሊ ሜትር ተራርቀው በደቃቁ የተቀረጹ ሁለት ምልክቶች ስላሉ ባለሙያ ከእነርሱ ተነሥቶ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ለሁሉም ሰው ይሆናል?

አይሆንም። መነጽር የሚያስፈልጋቸው ማታ ማታ ሙስሐፍ ለመቅራት ብቻ ለሆነ እናት ተራ የንባብ መነጽር ዋጋውም ያንሳል፣ የንባቡም ስፍራ ይሰፋል። ተኝተው ለሚያነቡም እንዲሁ። ባይፎካልን የለመዱ ሽማግሌ ደስ ካላቸው ያንኑ ይቀጥሉ፤ «ዘመናዊ አይደለም» ብሎ ማስጣል አያስፈልግም።

መውደቅም ሊታሰብበት ይገባል። ባይፎካልም ሆነ ፕሮግረሲቭ ያደረገ ሰው ወደ እግሩ ሲያይ በንባቡ ክፍል ስለሚያይ ደረጃው ይደበዝዝበታል። በአውስትራሊያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ለእንዲህ ያሉ አረጋውያን ለውጭ መንቀሳቀሻ የሚሆን የሩቅ ብቻ መነጽር ሰጥቶ ነበር። ዘወትር ከቤት በሚወጡት ዘንድ መውደቅ ቀነሰ፤ ከቤት እምብዛም በማይወጡት ዘንድ ግን ከቤት ውጭ መውደቁ ጨመረ። እንግዲያው ሰውየው እንደሚውልበት ነው። ለሱብሒ በጨለማ ደረጃ ወርደው መስጊድ የሚሄዱ አባት የሩቁ መነጽር ለብቻው ቢኖራቸው ይጠቅማቸዋል።

አዲሱን ፕሮግረሲቭ ለመልመድ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ከአሮጌው ጋር እያፈራረቁ ማድረግ ልማዱን ያዘገያል። ወደ ጎን በዓይን ብቻ ከመመልከት አፍንጫን ወደሚታየው ነገር ማዞር፣ ደረጃ ላይ ደግሞ አገጭን ወደ ደረት ማስጠጋት ያስፈልጋል። ሁለት ሳምንት አልፎ አባትዎ አሁንም አገጫቸውን እያነሱ የሚያነቡ ከሆነ፣ ሌላ ሌንስ ከማዘዝዎ በፊት ይዘዋቸው ወደ ሱቁ ይመለሱና የአፍንጫው ፕላስቲክ ጠበብ እንዲል፣ ዘንጉም እንዲታጠፍ ይጠይቁ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ ዋጋ አይጠይቅበትም።